ሦስት ጊዜ የተመለሰው ጃንጥላ

የረጠበ ጃንጥላ ሽታ ደስ የሚለው ሰው በዚህ ከተማ ካለ እኔ ነኝ። ሌላው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ቆሜ አሸታለሁ። በቀደም እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ዝናቡ ይወርድ ነበር። የምንቀድስበት ቤት የጀርመኖቹ ነው፣ ከእነሱ ጋር በተራ እንገለገልበታለን። በሩ አጠገብ አንድ የብረት ማስቀመጫ አለ፤ እዚያ ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ጥቁር ጃንጥላ ተጠቅጥቆ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ የአንዱን እየጎተተ፣ «ይሄ የማን ነው?» «ያልተሰበረ ከሆነ የእኔ አይደለም» እየተባለ ሲሳቅ፣ ያ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ሠላሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ። «እኔስ ጃንጥላዬን ለእመቤታችን ከሰጠሁ ስንት ዘመኔ!» አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ።

ሰላም ሰማችኝ። ሰላም ቦናመስ ሰፈር እኔ ካለሁበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፣ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ ጾም አትገድፍም፣ ቅዳሴ አታስታጉልም። እኔን እንደ እናቷ ነው የምታየኝ፤ እናትም ስትሳሳት ትታረማለች ብላ ታምናለች።

«ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው የሰጡት፣ እትዬ ጽጌ? ያኔ የእኛ አልነበረም ይላሉ።»

«አልነበረም። ሆኽስት ሰፈር፣ ከወንዙ በላይ ላለችው ለአሮጌዋ የጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን ነው የሰጠሁት። የልጄ የምሕረት ስለት ነበር።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ሰላም ነጠላዋን ካስተካከለች ነገር ሊመጣ ነው።

«እንዳይቀየሙኝ፣ እትዬ። እዚያ እኮ የእኛ ታቦት የለም። ታቦት በሌለበት ስለቱ ገባ ይባላል?»

«አንቺ ልጅ፣ እመቤታችን ፓስፖርት ትጠይቃለች እንዴ?» አልኳትና ሳቅኩ። የሰሙትም ሳቁ። እኔን በአፍ የሚቀድመኝ ሰው የለም፤ ይህን የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ግን ኡ-ባን ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ልጄ ምሕረት፣ ያ ስለት የተሳልኩላት፣ ዛሬ ራሷ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ፅንሱ አልዞር ብሎ ሐኪሞቹ ለሐሙስ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ሰጥተዋታል፤ በቀዶ ጥገና ነው የምትወልደው። ለእናቲቱ የተሳልኩት ሳይገባ ቀርቶ ከሆነ፣ ሐሙስ ምን ፊት ይዤ ነው ስለ ልጇ የምለምነው? ፈራሁ። እኔ ጽጌ፣ ከዚህ አገር መሥሪያ ቤት ሁሉ ጋር ተሟግቼ የኖርኩት ሴትዮ፣ አንዲት የሠላሳ ዓመት ልጅ በተናገረችው ነገር ፈራሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ኖርድኤንድ ነበር። ዛሬ ኖርድኤንድ የቡናው ዋጋ ራሱ ያስደነግጣል፤ ያኔ ግን የተማሪና የድሃ ሰፈር ነበር። ጣሪያው ሥር አንድ ክፍል ነበረችን። ሽንት ቤቱ ደረጃው ላይ ነው፣ ለሦስት ቤት አንድ። የምንሞቀው በከሰል ምድጃ ስለሆነ ባለቤቴ ተፈራ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከምድር ቤት በባልዲ ከሰል ተሸክሞ አራት ፎቅ ይወጣል፤ በየፎቁም ቆሞ «ለዚህ ነው እንዴ ከአገሬ የወጣሁት?» ይላል። እሱ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እኔ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ። ትንሿ ዳቦ ሠላሳ ፌኒግ ነበረች። የምንለብሰው ካፖርት ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ያለበት ስለነበር ትራም ላይ ሁለት ሰው የሚቀመጥበትን እያንዳንዳችን ለብቻችን እንሞላው ነበር። ከአገር ቤት አንድ ካሴት ከመጣ ሃያ ቤት ይዞራል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፣ እኛ ግን አብረን እንዘፍናለን። ጥጉ ላይ ያለችው ቢጫ የስልክ ሳጥን አምስት ማርክ በአፍታ ትውጣለች፤ ውጭ ወረፋ የያዘ ሰው የሌላውን ቤት ሠርግና ለቅሶ ሰምቶ ነው የሚገባው። አገር ቤት ያ ሁሉ ነገር የነበረበት ጊዜ ነው። እሱን የሚያወሩ ብዙ አሉ፤ እኔ የማወራው ስለ ጃንጥላዬ ነው።

ምሕረት በሰባት ወሯ ተወለደች። የእጄን መዳፍ ብታክል ነው። መስታወት ሳጥን ውስጥ አስገቧት፤ እኔ ደግሞ በመስታወቱ ቀዳዳ አንድ ጣቴን አስገብቼ እቀመጣለሁ፣ እሷም ጣቴን ትይዛለች። ሐኪሟ በጎ ሰው ነበር፤ ግን የሚለው ሁሉ «እናያለን» ነው። እናያለን የሚል ቃል እስከ ዛሬ አልወድም። አንድ ቀን ከሆስፒታል ስመለስ ትራሙ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ከወንዙ ማዶ ያ ቀዩ ትልቁ የዶሙ፣ የካቴድራላቸው፣ ግንብ ብቅ አለ። የእኛ ይሁን የእነሱ አላሰብኩም። «እመቤቴ ማርያም፣ ይህችን ልጅ ብትተዪልኝ ዓመት ሳይሞላት ጃንጥላ አስገባልሻለሁ። በዚህ አገር ያየሁትን አሮጌ ቤተ ክርስቲያንም ሁሉ እሳለማለሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ልጄ ዳነች። ወፈረች፣ ጮኸች፣ የጎረቤት እንቅልፍ ነሣች። እናቴም ከአገር ቤት ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ ገና ሰላምታውን ሳትጨርስ «ስለቷን አደረስሽ ወይ?» ትላለች። ቀሳውስት ከሌላ ከተማ አልፎ አልፎ መጥተው በሰው ሳሎን ጸሎት ያደርጉልን ነበር እንጂ ቤተ ክርስቲያን የሚባል የለንም። ጃንጥላ የሚገባው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሰው ሳሎን አይደለም። ስለዚህ ወደ አሮጌዎቹ ልወስደው ቆረጥኩ።

ጻይል በሚሉት የገበያ መንገድ ላይ ወዳለው ትልቅ ሱቅ ሄድኩ። የምፈልገው እንደ አገር ቤቱ ከፋይ ሆኖ በወርቅ ዘርፍ የተከበበ ነው። ያለው ጥቁርና ዳማ ዳማ ብቻ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ እጀታው እንጨት የሆነ አገኘሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ማርክ! ለእኔ አሥራ ሁለት ማርክ የሚያወጣ ጫማ የማልገዛ ሴት።

«ለሴት ነው?» አለችኝ ሻጯ።

«አዎ» አልኳት፣ «ለትልቅ ሴት።»

ከመጋረጃ ቤት ወርቃማ ዘርፍ በሜትር ገዝቼ ዙሪያውን በእጄ ሰፋሁበት። ተፈራ አይቶት «አሁን ጃንጥላ ሳይሆን የንጉሥ አልጋ መሰለ» አለ። ስፌቱን ሳስበው ዛሬም እኮራለሁ፤ አንድም ቦታ አልተሸበሸበም። በአንዲት ወረቀት ላይም ስማችንን ጽፌ እጀታው ላይ አሰርኩ፤ የሁላችንንም የክርስትና ስም፣ በጸሎት እንድንታሰብ። ተፈራ ደግሞ «ፈረንጅ አድራሻ የሌለው ነገር አይገባውም» ብሎ ከሥሩ የቤታችንን አድራሻ በጀርመንኛ ጨመረበት። ያ አድራሻ ምን እንዳመጣብን እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አሮጌው አደባባይ ላይ ወዳለችው፣ ደወሏ ዜማ ወደምትጫወተው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ምሕረት በጋሪ፣ ተፈራ ጋሪውን እየገፋ፣ እኔ ጃንጥላዬን እንደ ታቦት ታቅፌ። መቃኑን ተሳለምኩ፣ ገባሁ፣ ጃንጥላውን ከደረጃው ሥር አጋድሜ ሰግጄ ወጣሁ። አደባባዩን ገና ሳንሻገር አንድ ሰውዬ ከኋላችን እያለከለከ ደረሰ። «ሃሎ! ሃሎ! ጃንጥላዎን ረሱ!» ፊቱ በደስታ ያበራል፤ አንድ በጎ ነገር ሠርቷላ! ጀርመንኛዬ ያኔ አልጋ ከማንጠፍ አያልፍም፤ «አይደለም፣ አይደለም» አልኩ። እሱ ደግሞ «ምንም አይደል» ብሎ እጄ ላይ አስጨብጦኝ ሄደ። ተፈራ ጋሪው ላይ ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። «በፈረንጅ አገር እንኳን ስለት፣ ቆሻሻም ጥለሽ አታመልጪም» አለኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወደ ራሱ ወደ ዶሙ ሄድን፣ ወደተሳልኩበት። ውስጡ ቀይ ድንጋይ ነው፤ ሰው ሲገባ ያንሳል። ያለፈው ጊዜ የተመለሰው በድብቅ ስላስቀመጥኩት ነው፤ ስለት በእልልታ ነው የሚገባው ብዬ፣ ጃንጥላውን ዘርግቼ ካስቀመጥኩ በኋላ እልልታዬን አቀለጥኩት። ያ ድንጋይ ደግሞ ድምፅ ይወዳል፣ አምስት እጥፍ አድርጎ መለሰው። ከላይ ኦርጋን ሲለማመድ የነበረው ሰው አቆመ። ጎብኚዎቹ ደርቀው ቀሩ። አንዲት አሮጊት ሮጣ መጥታ እጄን ያዘች፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ አመጣችልኝ፤ አሞኛል ወይም ሰው ሞቶብኛል ብላ። ስንወጣ እስከ በሩ ሸኝታኝ የወረቀት መሐረብና ጃንጥላዬን በእጄ ሰጠችኝ፣ በጥንቃቄ አጥፋ።

በሦስተኛው ጊዜ ብልጥ ሆንኩ። ከወንዙ ማዶ፣ በብረቱ የእግረኛ ድልድይ ተሻግረን ሳክሰንሃውዘን ሰፈር ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ገባን። ሰው አልነበረም። ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ሰግጄ፣ ዞር ብዬ ሳላይ በፍጥነት ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም። ድልድዩ ላይ ቆመን ጀልባ እያየን ለሁለት ማርክ ጥብስ ቋሊማ ገዝተን በላን፤ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ረቡዕ ፖስተኛው አራት ፎቅ ወጥቶ በሩን አንኳኳ። ረጅም ቀጭን ጥቅል ይዟል። አድራሻችን ነበረበት አይደል? ከውስጡ አንዲት ካርድ ወጣች፤ ተፈራ አነበበልኝ፣ «በጣም የሚያምር ጃንጥላ ነው። እንደገና እንዳይጠፋብዎ።» የፖስታውንም ራሳቸው ከፍለዋል።

ያን ቀን አልሳቅኩም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጄ ዓመት ሊሞላት ስድስት ሳምንት ቀርቷታል፤ ሦስት ጊዜ ሰጥቼ ሦስት ጊዜ ተመልሶብኛል። የሰጠኸው ነገር ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አበሻ ያውቃል። «አልተቀበለችኝም፣ ተፈራ» አልኩት። ተፈራ ሁሌ የሚቀልደው ሰውዬ ያኔ አልቀለደም። ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠና «እመቤታችን አልመለሰችም። የመለሱት ጀርመኖች ናቸው» አለኝ። ከዚያ መቀስ አምጥቶ ከወረቀቷ ላይ አድራሻውን ቆርጦ ጣለው። የክርስትና ስማችን ብቻ ቀረ።

ሆኽስትን ያሳየን ተፈራ ነው፣ በታክሲው ሰው ሲያደርስ አይቷት። በኤስ-ባን ባቡር ሄድን። ከወንዙ ከፍ ብላ፣ ቅጥር ግቢዋ ዛፍ ያለበት፣ ድንጋይዋ ያረጀ። ከሺህ ዓመት በላይ ናት ይላሉ፤ «ላሊበላ ሳይፈለፈል ይቺ ቆማ ነበር» ሲለኝ ተፈራን በቀልድ መታሁት፣ በኋላ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት። ስትገቢ የሚቀበልሽ የቀዝቃዛ ድንጋይና የሰም ሽታ ነው። ዓምዶቹ ጫፋቸው ላይ ቅጠል ተቀርጾባቸዋል፤ ቅጠሎቹ የእኛን ሐረግ ይመስላሉ። መቃኑን ስሳለም አንድ መሰላል ላይ የቆመ ሰው ያየኛል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ነው፣ ኩስተር የሚሉት። ሄር ሎረንትስ ይባላል፤ ሱሪው በሁለት ማንገቻ የተያዘ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ የሚያንሿሿ ሽማግሌ። አልሳቀም። ወረደ።

እኔ ተዘጋጅቼበታለሁ። መዝገበ ቃላት ይዤ ሳምንቱን ሙሉ ስሠራ የከረምኩትን አንድ መስመር ጀርመንኛ በወረቀት ጽፌ አመጣሁ፤ ሰጠሁት። «ይህ ስጦታ ነው። አልረሳሁትም» ይላል። አነበበው። መልሶ አነበበው።

«ለማን?» አለኝ። ልጇን ወደታቀፈችው ወደ ማርያም ምስል ጠቆምኩ።

«ለምን?» አለኝ። ወደ ጋሪው ጠቆምኩ። ምሕረት ደግሞ በዚያች ሰዓት ጫማዋን አውልቃ ወርውራ ትስቃለች።

ሰውዬው ጫማዋን አነሣና አለበሳት። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ተፈራም እየተረጎመልኝ፣ ስለ አያቱ ነገረን። ልጇ ታሞባት የልጁን ክብደት የሚያህል ሻማ ተስላ ነበር፤ ልጁ ሲድን በሚዛን አስመዝና ሻማውን በጋሪ ገፍታ አስገባች። «ያ ልጅ አባቴ ነው» አለ። እኔ ያን ጊዜ ስለት የሚያውቅ እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም።

ግን ጀርመን ጀርመን ነው። ወዲያው ጃንጥላውን ተቀብሎ ከፈተው፣ ዘጋው፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። «ደህና ይሠራል» አለ። «ስጦታ ከሆነ ሥራ ይሥራ። ተሰቅሎ አቧራ አይጠጣም። ሙሽራ ስትገባ፣ አስከሬን ሲወጣ፣ ሕፃን ለጥምቀት ሲመጣ ዝናብ ከሆነ እኔ እይዝላቸዋለሁ።» ተፈራ አየኝ። እኔ ጥምቀት ላይ ከታቦቱ በላይ የሚዘረጋውን አሰብኩ። «ይሁን» አልኩ። እልልም አልኩ። ሄር ሎረንትስ ኮፍያውን በደረቱ ይዞ እስክጨርስ ጠበቀኝና «ዳንከ» ብሎ አመሰገነኝ።

ከዚያ ወዲያ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሌሎቹን ግን ተሳልሜያለሁ፤ የስለቴ ግማሽ እሱ ነበራ። ስንት ቅዳሜ! ተፈራ አሮጌ መኪና ከገዛ በኋላ ወንዙን ተከትለን፣ ተራራውን ወጥተን፣ ጣሪያዋ እንጨት የሆነች የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ግድግዳዋ ላይ የቅዱሳን ሥዕል በኖራ ሥር የተገኘባት፣ መቃብሯ ከከተማዋ የሚበልጥ፣ ሁሉንም አይተናል። እኔ መቃኑን እሳለማለሁ፣ ተፈራ የፖም ኬክ የት እንደሚሸጥ ያጠናል። ምሕረት ከኋላ ወንበር ላይ «ሾን ቪደር ኪርሸ?» ትላለች፣ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን? ማለቷ ነው። ሆኽስት ስንደርስ ግን አንቆምም። እናቴ «የሰጠሽውን ዞረሽ አትዪ» ብላ ነው ያሳደገችኝ። ተፈራም ከስድስት ዓመት በፊት አረፈ፤ ከቦናመስ ለቀን ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ምሕረት ቤት አጠገብ ልንገባ ስንል። እኔ ቦናመስ ቀረሁ።

ሰላምን ሰኞ ደረጃ ላይ አገኘኋት። «አስቤበት ነበር፣ እትዬ» አለች፣ «ሌላ ገዝተን ለእኛ ብናስገባስ? እኔም አዋጣለሁ። ለልብዎ ሰላም ነው።» ልጅቷ ለእኔ አስባ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሁለተኛ ብሰጥ የመጀመሪያውን አላደረስኩም ማለቴ ነው። ተፈራ ያነባው ሳቅ፣ የሰፋሁት ዘርፍ፣ ሄር ሎረንትስ ኮፍያውን አውልቆ የቆመው፣ ሁሉ ከንቱ ነበር ማለቴ ነው። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ ሄጄ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። እናቴ ትማረኝ።

«ነገሩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ» አልኳት፣ «ረቡዕ ፍራይ ከሆንሽ፣ ሥራ ከሌለሽ፣ አንቺም ትመጪያለሽ።»

ምሕረትን ስልክ ደወልኩላት። «ማማ፣ ረቡዕ? ሐሙስ እኮ ቴርሚን አለኝ!»

«ለዚያ ነው ረቡዕ ያልኩሽ።»

«ያንን ጃንጥላ ልናይ? ማማ፣ ሠላሳ ዓመት! ዳስ ኢስት ዶኽ ላንግስት ቬግ!» ድሮ ተጥሏል ነው የምትለኝ። ግን መጣች። ሆዷ መሪውን እየነካ እሷው ነዳች፣ ባሏ ይንዳ ብላት እንቢ ብላ። ግትርነቷ ከማን እንደመጣ አልናገርም።

ቤተ ክርስቲያኗ አላረጀችም፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ። ሽታው ያው ነው። መሰላሉ የነበረበት ቦታ ላይ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ እስፖርት ጫማ ያደረገች ሴት አበባ ታስተካክላለች። ፍራው ዌበር ነኝ አለች፣ ኩስተሯ። ዛሬ ጀርመንኛዬ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። «ከብዙ ዓመት በፊት እዚህ አንድ ሰማያዊ ጃንጥላ ሰጥቼ ነበር» አልኳት፣ «ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ ያለው።»

አበባውን አስቀመጠች። «ሰማያዊ ጃንጥላ የለንም» አለች።

ሰላም እጄን ያዘችኝ። ያ ፖስተኛ በሩን ያንኳኳ መሰለኝ።

«ያለን አረንጓዴ ነው» አለች ፍራው ዌበር፣ ፊቴን እያየች። «ቆዩ። ዘርፍ አሉ?» ቁልፏን ይዛ ወደ ጓዳው ገባች፣ እኛም ተከተልናት። የእንጨት ቁም ሣጥን ከፈተች። አረንጓዴ ጃንጥላ አወጣች፤ እጀታው ያ እንጨት ነው፣ ብዙ ከመያዙ የተነሣ እንደ ቅቤ ለስልሷል። ዘርፉ ወርቅነቱ ጠፍቶ ገለባ መስሏል፣ ግን ዙሪያውን አለ። «ጨርቁ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል» አለች። «ሄር ሎረንትስ ሥራውን ለሚቀጥለው ሲያስረክቡ አንድ ነገር ነው ያሉት፤ ጨርቁ ይቀየር፣ ዘርፉ ግን ተፈትቶ እንደገና ይሰፋ። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። በደንብ የተሰፋ ነበር፣ ለመፍታት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ።» ይህን ስትል ምሕረትን በዓይኔ ፈለግኋት፤ ስፌቴ ሲመሰገን ትስማ ብዬ።

«ይሄንንም ማንም እንዳያነሣው ብለው ነበር» አለች ፍራው ዌበር። በቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በአራት መርፌ የተያዘች ቢጫ ወረቀት አለች፣ ከሥሯ በመቀስ የተቆረጠች። «ምን እንደሚል አናውቅም። ጃንጥላውን በያዝን ቁጥር ግን እናያታለን።»

እኔ ቦርሳዬ ውስጥ መነጽሬን ስፈልግ ቆየሁ። ሰላም ጠጋ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ በዚያች ጠባብ ጓዳ ውስጥ ጮክ ብላ፣ ዲያቆን እንደሚያነበው አድርጋ አነበበች፤

«ወለተ ማርያም። ኃይለ ሚካኤል። ሕፃኗ ወለተ ሥላሴ።»

ኃይለ ሚካኤል ተፈራ ነው። ከፍትሐቱ ወዲህ በዚያ ስም የጠራው ሰው አልሰማሁም ነበር። ምሕረት ወለተ ሥላሴ እሷ መሆኗን ታውቃለችና ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያ ሰላም ወደ እኔ ዞረች፣ ዓይኗ ሞልቷል።

«ገብቷል፣ እትዬ» አለችኝ። «ይቅር ይበሉኝ። ገብቷል።»

«አውቅ ነበር» አልኳት። ውሸቴን ነው፤ አላውቅም ነበር።

ስንወጣ ዝናቡ እንደ ልማዱ ጀመረ። መኪናው ከግቢው ውጭ ነው የቆመው፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። ፍራው ዌበር ምሕረትን አየች፣ ሆዷን አየች፣ አንድም ቃል ሳትናገር ጃንጥላውን ዘረጋችና ክንዷን ያዘቻት። ገለባ የመሰለው ዘርፍ በልጄ ራስ ዙሪያ ይወዛወዛል። ልጄ፣ በልጄ ሆድ ውስጥ ደግሞ ልጇ፣ ሁለቱም ከሥሩ። ሄር ሎረንትስ እንዳለው ነው፤ ሥራውን ይሠራል። ስለ ሐሙስ የነበረኝ ፍርሃት እዚያው ደረጃው ላይ ለቀቀኝ፣ የት እንደሄደ አላውቅም።

«ማማ፣ ነይ እንጂ! ቦታ አለ!» አለችኝ ምሕረት ዞር ብላ።

«ለእኔ አይደለም» አልኳት። «ሂጂ።»

ሰላም ነጠላዋን ልታለብሰኝ ሞከረች፣ እሱንም ከለከልኳት። የሰጠ ሰው ከሰጠው ነገር ሥር አይጠለልም። እርጥብ ድንጋዩን እየረገጥኩ ከኋላቸው ሄድኩ፤ ጸጉሬ ራሰ፣ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገባ፣ ከቤት እስክወጣ ስንት ሰዓት የተጠበብኩበት ቀሚሴም በሰበሰ። ፍራው ዌበር ምሕረትን መኪናው ውስጥ አስገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ለእኔም እጇን አወዛወዘችልኝ። ከዚያ ጃንጥላውን አጥፋ፣ ውሃውን አራግፋ፣ በብብቷ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሰች። ያ ጃንጥላ ሲመለስ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።